የኦስዊጎ አጥርና የአክስቴ ሰርቪስ ቤት

በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ከምኖርበት ከሲራክዩስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ ኦስዊጎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ክረምቷ ክፉ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው በረዶ መስኮት እስኪሸፍን ይከመራል። በከተማዋ ጫፍ ፎርት ኦንታሪዮ የሚባል አሮጌ የጦር ምሽግ ቆሟል። መጀመሪያ የሄድኩት የልጄን የትምህርት ቤት ጉብኝት ለማጀብ ነበር። የጎንደር ልጅ ግንብ ሲያይ ከፋሲል ግንብ ጋር ማስተያየቱ አይቀርምና፣ እኔም በልቤ «ይኼማ ምኑ ግንብ ነው» እያልኩ ገባሁ። ውስጡ ግን አንድ አነስተኛ ሙዚየም አለ፤ የሚተርከውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚዎች ሸሽተው በዚያ ምሽግ ተጠልለው ስለነበሩ 982 ስደተኞች ብቻ ነው። እኔ ራሴ በሱዳኗ ገዳሪፍ በኩል ያለፍኩ ስደተኛ ነኝና፣ ለዚህ ያህል ሰው ሙዚየም መቆሙ አስደነቀኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም አስቀናኝ።

እነዚያን ሰዎች ከጣሊያን ወደብ ይዛቸው የመጣችው ሩት ግሩበር የምትባል ጋዜጠኛ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 በብሩክሊን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ፣ ገና በ20 ዓመቷ ጀርመን አገር ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች፣ የናዚዎችንም አነሣሥ እዚያው ሳለች በዓይኗ ያየች ሴት ነበረች። በ1935 ለኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ ወደ ሶቪየት ኅብረት የበረዶ ምድር ዘልቃ ዘገበች፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረው በሃሮልድ አይክስ መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ሺህ ያህል ስደተኞች ብቻ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ሲፈቅድ፣ ይዛቸው እንድትመጣ የተላከችው እሷ ናት። ከመሄዷ በፊት የይስሙላ የጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጣት። አውሮፕላኗ ቢመታና ጀርመኖች እጅ ብትወድቅ እንደ ሰላይ እንዳትረሸን፣ በጦር ምርኮኛነት ሕግ እንድትጠበቅ ታስቦ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንዲት ሴት ስደተኞችን ልትቀበል ስትሄድ፣ ራሷን የሚያድን ወረቀት አስቀድሞ ተጽፎላት ነበር።

ሄንሪ ጊቢንስ የተባለችው የወታደር ማጓጓዣ መርከብ ስደተኞቹን ከአንድ ሺህ ገደማ ቁስለኛ ወታደሮች ጋር ጭና ከኔፕልስ ተነሣች። ግሩበርም በጉዞው ላይ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ከሰው ወደ ሰው ትዞር ጀመር። አንዳንዶቹ ያሳለፉት ነገር ለሴት ጆሮ የማይመች መሆኑን እየገለጹ ለመናገር አንገራገሩ፤ እሷ ግን ሴትነቷን ትተው ምስክርነታቸውን እንዲሰጡ አግባባቻቸው፤ እነሱም ተናገሩ። በኋላ እናታችን እያሉ ይጠሯት እንደነበር ይነገራል። የዜና ሰው ሆና ተሳፍራ የስደተኛ ጠበቃ ሆና የወረደችው፣ እንደኔ ግምት፣ በዚያ መርከብ ላይ ነው። ጠበቃ ያደረጋት ደግሞ ጩኸት አይደለም፤ ቁጭ ብላ የእያንዳንዱን ሰው ስምና ታሪክ መጻፏ ነው።

አሜሪካን ግን ከልክ በላይ እንዳላመሰግን ምሽጉ ራሱ ይከለክለኛል። ስደተኞቹ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደመጡበት እንደሚመለሱ ፈርመው ነው የገቡት። ኦስዊጎ ሲደርሱ የተቀበላቸው የሽቦ አጥር ነበር፤ ከመካከላቸው ከናዚ ማጎሪያ የተረፉ ስለነበሩ፣ አጥሩን ሲያዩ የተሰማቸውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። ልጆቹ ከከተማዋ ተማሪዎች ጋር እንዲማሩ ተፈቀደ፤ አዋቂዎቹ ግን ከከተማው ወጥተው መሥራትም ሆነ መኖር አይችሉም ነበር። የከተማው ሰው በአጥሩ ላይ ዕቃ ያቀብላቸው ነበር ይባላል፤ ይህን ስሰማ የሰው ልጅ የትም ሆኖ አንድ ነው አልኩ። ከስንት ክርክር በኋላ ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1945 መጨረሻ እንዲቀሩ ወሰነ። ሆኖም አገር ውስጥ ሆነው ቪዛ ማግኘት ስለማይችሉ፣ በአውቶቡስ ተጭነው በናያግራ በኩል ካናዳ ገብተው እንዲመለሱ ተደረገ። ዓመት ከመንፈቅ የኖሩበትን አገር፣ ለወረቀት ሲባል ብቻ፣ ወጥተው እንደ አዲስ ገቡበት!

ይህን ሳነብ የራሴ ወረቀት ትዝ አለኝ። በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በጭልጋ አድርጌ፣ ሌሊት እየተጓዝኩና ቀን እየተደበቅሁ፣ መተማን አልፌ ገዳሪፍ ስደርስ፣ አንድ መዝጋቢ በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ስሜን ጠየቀኝና ከአፌ እንደሰማው ጻፈው። እስከ ዛሬ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው ስም እናቴ የሰጠችኝ ሳይሆን ያ ሰው የሰማው ነው። የተወለድኩበትን ቀን ሲጠይቀኝ የመስቀል ሰሞን መሆኑን ነገርኩት፤ እሱም «ጃንዋሪ 1» ብሎ ጻፈ። ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ በአሜሪካ ስንት እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ቀን እርስ በርስ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እየተባባልን እንስቃለን። እንዲያም ሆኖ ያ የተሳሳተ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ግሩበር ከኦስዊጎ በኋላም አላረፈችም። በአውሮፓውያኑ 1947 ወደ ፍልስጤም የሚጓዙ ከ4,500 በላይ አይሁድ ተሳፋሪዎችን የያዘችው ኤክሶደስ መርከብ በእንግሊዞች ተይዛ ሰዎቹ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በቦታው ተገኝታ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ዓለምን ዞረዋል። ስለ እሷ ሳነብ ቆም ያደረገኝ ግን በ1985 የተፈጸመው ነው። ዕድሜዋ ከ70 ካለፈ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ርቀው የሚገኙ የቤተ እስራኤል መንደሮችን ጎበኘች፤ በኋላም ስለ ፍልሰታቸው መጽሐፍ ጻፈች። መንደሮቹ በአብዛኛው የነበሩት በእኛው በጎንደር ምድር ነው። እኔ በዚያው ዓመት ገዳሪፍ ነበርኩ። ቤተ እስራኤሎችም ቀደም ብለው በዚያው መንገድ ወደ ሱዳን ወርደው ነበር፤ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ድረስ ዘመቻ ሙሴ በተባለው የምስጢር በረራ ወደ እስራኤል የተወሰዱት 8,000 ያህል ናቸው፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ደግሞ ወደ 4,000 ይገመታሉ።

እናቴ ጀበናና ምጣድ የምትገዛው ጎንደር አጠገብ ካለችው የቤተ እስራኤል መንደር፣ ከወለቃ ነበር። ቅዳሜ ስለማይሸጡ በአዘቦት ቀን በእግሯ ትሄድ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አብሬያት የሄድኩበት ቀን አለ። ከደንበኞቿ አንዲቱ ሴት ጀበናውን አንሥታ በጣቷ አንኳኳችና ድምፁን አሰማችን፤ ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ እንደሚሰማ ያን ቀን ተማርኩ። በ1976 ዓ.ም. ገደማ እናቴ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሴትዮዋ የለችም፤ ቤቱም ተዘግቷል። በቤታችን የዋለው ወሬ የጀበና ዋጋ መወደዱ ነበር። የት ሄደች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ስሟንም የምናውቅ አይመስለኝም፤ ከኋላዋ የምንላትን ስም እዚህ መድገም አልፈልግም። ከብሩክሊን የተነሣች አሮጊት ባሕር ተሻግራ ልትጠይቅ የመጣችውን ሰው፣ እኛ በእግር መንገድ ላይ ሆነን አልጠየቅንም።

ባለፈው ጊዜ ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ አዘዞ ያሉትን አክስቴን ስጠይቅ፣ ከግቢው ኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት አንዲት የሱዳን ሴት ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ አገኘሁ። ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። ከፊሉ በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች ገብቶ፣ በዝርፊያና በግድያ ተማሮ በ2016 መጠለያውን ጥሎ ጫካ ዳር እስከ መስፈር ደርሷል። ሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ደግሞ፣ አለምዋጭ ላይ፣ ከትግራይ ጦርነት የወጡ የኤርትራ ስደተኞች አሉ። አክስቴ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቁት ጥቂት ነው። ሴትዮዋን ያገኟት አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ፣ እርጉዝ ሆና ዕቃዋ ላይ ተቀምጣ ነው፤ «ምን ታያለህ፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ?» አሉኝ። የቤት ኪራይ አልጠየቋትም። እዚያው ሰፈር ግን ሱዳን መሆኑን ሲያይ ኪራዩን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ አከራይ እንዳለም ሰምቻለሁና፣ የአገሬን ሰው በጅምላ ቅዱስ አላደርገውም።

አክስቴ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደርን እንዴት እንዳቃጠለ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ንቦች እንዴት እንዳዳኑት ከአያታቸው እየሰሙ ያደጉ ናቸው። ይህንኑ አንሥቼ ቀለድኩባቸው። «እሷ ታዲያ ምን አደረገች?» አሉና ወደ ቡናው ተመለሱ። ሴትዮዋ ዝንጅብል ወቅጣ ጀበናው ውስጥ ጨመረች። «ቡናን ዝንጅብል ምን አገባው አልኋት፤ አሁን እኔም ለመድሁት» አሉኝ እየሳቁ። ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አሁንም አልገባኝም፤ ግማሹ በእጅ ነው።

«ስሟ ማን ነው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«እንግዳ ስም ይጠየቃል እንዴ?» አሉኝ። «እኔ ልጄ እላታለሁ፤ እሷም ማማ ትለኛለች። ምን ጎደለ?»

ምን እንደጎደለ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ከመጠለያ ውጭ የመኖርና የመሥራት መብት በሕግ እንደተፈቀደለት፣ እዚህ አገር የተወለደ የስደተኛ ልጅም በወሳኝ ኩነት ተመዝግቦ የልደት ምስክር ወረቀት እንደሚያገኝ፣ ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚገኘው በቅድሚያ ስሟ አንድ ቦታ ከተጻፈ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ካልተመዘገበች ነገ ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከነገ ወዲያ ከእናቱ ጋር ሌላ አገር ልሂድ ሲል፣ ማንም እንደማያውቀው ተናገርኩ። አክስቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። እኔ ራሴም እየተናገርኩ፣ እሳቸው የሰጡትን ማንም በኦስዊጎ እንዳልሰጠ ተሰማኝ፤ አጥር የለም፣ የሚፈረም ቃል የለም፣ ተመለሽ የሚላት የለም። እዚያ ለ982 ሰው የጎደለው ይኸው ነበር፤ እዚህ ደግሞ ያ ደብተር ይዛ የምትዞረው ሴት የለችም።

ሲራክዩስ ከተመለስኩ በኋላ የአክስቴ የልጅ ልጅ በስልክ የደብተር ገጽ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። በቀይ እስክሪብቶ የሴትዮዋ ስም፣ የባሏና የልጆቿ ስም፣ ከጎኑ ሴትዮዋ ራሷ በዐረብኛ የጻፈችው፣ ከዚያም ከካርቱም የወጡበት ወርና ያደሩባቸው ከተሞች በየተራ ሰፍረዋል። በመጨረሻው መስመር ላይ እዚያው ሰርቪስ ቤት የተወለደው ሕፃን አለ። ለልደት ቀኑ በተተወው ቦታ ላይ፣ አክስቴ እየነገሯት ልጅቷ የጻፈችው «ኅዳር 13፣ የሚካኤል ማግስት፣ ከብቶች ሲገቡ» ይላል።