ጡሩምባው ጡረታ ወጣ

የእድራችን ጸሐፊ ጡሩምባ ነፊውን አሰናብተው ማሽን ቀጥረዋል። ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ፣ ድምፅ ሆኖ ይወጣላቸዋል፣ እሱን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለቁታል። ባለፈው ሳምንት ገና ቁርስ ሳልቀምስ ስልኬ ጮኸ። አንዲት ፍልቅልቅ ሴት፣ የሎተሪ እጣ የወጣልኝ በሚመስል ደስታ፣ «ወሮ እከሊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» አለችኝ። «ወ/ሮ» ተብሎ የተጻፈውን ነው። ግሩፑ ተተራመሰ። አንዱ «ወሮ ማናቸው?» ይላል፤ ሌላው ማን እንደሞተ ሳያጣራ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጨርሷል። የቀብሩን ሰዓትም «ዘጠኝ ዜሮ ዜሮ» ብላ እንደ ስልክ ቁጥር ዘረዘረችው።

ከቴክኖሎጂ ጋር ጠብ የለኝም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የመጣለትን መልእክት አንባቢ ሳይለምን በራሱ ስልክ ሲሰማ፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም። ማይክሮሶፍትም ለአማርኛ ድምፆቹ መቅደስና አመሀ ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ቢያንስ ማን እንዳረዳህ ታውቃለህ። የኛዋ ስም እንኳ የላትም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አማርኛን ጨምሮ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚያናግር ሞዴል ያወጣው፣ በአብዛኛው የአዲስ ኪዳን ንባብ እያሰማ አሰልጥኖ ነው። እዚያው አዲስ ኪዳን ውስጥ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» የሚል አለ። ማሽን ከዚህ የሚይዘው የትኛው ፊደል ከየትኛው ድምፅ ጋር እንደሚሄድ ነው። እንባው ሥልጠናው ውስጥ አልተካተተም።

ፊደላችንም አላገዛትም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይተን አንጽፍም፤ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል ብለን እንተወዋለን። እሷ የት ትድረስበት? «መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል» የሚለውን «ቀ»ዋን አላልታ አነበበችውና ባለዕዳው ቀጪ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቅጣት ከተነሳ አይቀር እኔም የምለው አለኝ። ከዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ተነፍቷል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን እንኳን የእድር ጡሩምባ የመላእክትንም መለከት አያሰማም። ቀብር ቀረሁ፤ ተቀጣሁ። ይግባኝ ብዬ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ። «ዝናቡ ያንተ ቤት ብቻ ነው እንዴ የዘነበው?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ጎረቤቴ ነበር፤ እሱ ራሱ ቀብር የተገኘው ሚስቱ ቀስቅሳው ነው።

ያም ሆኖ ጡሩምባ ነፊው ላይ ቂም አልያዝኩም። «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» እያለ በጭቃ ሲሄድ ሰውዬው ያሳዝናል። የሟቹን ስም ሲጠራ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሟቹ ከእሱ ተበድሮ ያልመለሰ ከሆነ ደግሞ ሐዘኑ የምር ነው።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። የምወደው ራሴም ስለተመለጠ ነው። (ፀጉር አስተካካዬ ለሩብ ፀጉር ሙሉ ሒሳብ መቀበሉን አላቆመም፤ እሱን ሌላ ቀን።) ይቺ ማሽን ግን የሚያመልጥ አፍም፣ የሚመለጥ ራስም የላትም። ያመለጣት ነገር የማንም አይደለም። ጸሐፊውን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ስትላቸው «እኔ ምን አደረግሁ? እሷ ናት» ይሉሃል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። የመዋጮ ውዝፉ በእሷ፣ ማስጠንቀቂያው በእሷ፣ መርዶው በእሷ። ሰው ፊት ቆመው ሊሉት የሚያፍሩትን ሁሉ እሷ ላይ ለጥፈው ቡናቸውን ይጠጣሉ። አብረውን ቡና የጠጡትን ሴትዮ ስም ለመጥራት እንኳ ሰው ጠፋ? ደግሞኮ ጸሐፊው ከሟቿ ቤት አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው!

ይሄን ሁሉ ልናገር ተዘጋጅቼ ወርሃዊው ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። ገንዘብ ያዡ ቀደሙኝ፤ የጡሩምባ ነፊው ክፍያ ለካዝናው መትረፉን አስረድተው ተጨበጨበላቸው። ቀጥሎ አንድ ልጅ እግር አባል እጁን አወጣ። ማሽኑ የአንድ ሰው ድምፅ ትንሽ ከተቀዳለት ልክ እንደ ሰውዬው አድርጎ ይናገራል፤ ስለዚህ እንግዳ ሴት ከምንሰማ የሊቀመንበራችንን ድምፅ ቀድተን እንስጠው አለ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያው የዝናቡ ሊቀመንበር ናቸው፤ አልተቀየሩም። ለዘላለም፣ ከሞቱም በኋላ፣ እሳቸው ሊያረዱን ነው።

ጉዳዩ ለአባላት ውሳኔ ቀረበ። ድምፄን ለማሽኗ ሰጠሁ።