እርማት፦ የ3 ወር ሕፃን ዘረኛ አይደለም

ሰሞኑን የምትመላለስ አንዲት ሐሳብ አለች፦ «ዘረኝነት አብሮ ይወለዳል፤ የ3 ወር ሕፃን እንኳ የራሱን ዘር ፊት እንደሚመርጥ በጥናት ተረጋግጧል»። የጻፋችሁት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ጥናቱም አለ። ግን ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ሳይኮሎጂካል ሳይንስ በተባለ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። የታዩት ሦስት ዓይነት ሕፃናት ናቸው። ነጭ እስራኤላውያን ሕፃናት የነጭ ፊት ላይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት ደግሞ የጥቁር ፊት ላይ ረዘም አድርገው አፈጠጡ። ሦስተኞቹ እስራኤል ውስጥ ያሉ የቤተ እስራኤል ልጆች ናቸው፤ ጥቁርም ነጭም ሰው የሚያዩ። እነሱ አላበላለጡም። ሁሌ የሚቆረጠው ይሄኛው ነው፣ ዋናው እሱ ሆኖ ሳለ! ልዩነቱን ያመጣው ደም ሳይሆን ዓይን የለመደው ነገር ነው። ደግሞ ማፍጠጥ መጥላት አይደለም። ሕፃን አምፖል ላይም ያፈጣል።

ማጣራት የምትፈልጉ የጥናቱን ዋና ጸሐፊ የያይር ባር-ሃይምን ስም ከዓመቱ ጋር ፈልጉ። የሦስተኛውን ቡድን ውጤት ብቻ እዩ።

ይህን የማነሳው «አብሮ የተወለደ ነው» ብሎ ያመነ ወላጅ ዝም ስለሚል ነው። ልጁ ግን ምሳ ላይ ስለ ጎረቤት «ቡዳ ናቸው፣ እንዳትጠጋቸው» ሲባል እየሰማ ነው።