ከክኒኑ ሳይሆን ከስሙ እንቆጥብ

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን አንድ ቀን እየወሰደች አንድ ቀን እየዘለለች እንደከረመች ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ የተገዛላት 30 ፍሬ ክኒን ሚያዝያ ተጋምሶም ከመሳቢያዋ ውስጥ አላለቀም ነበር። ስጠይቃት መጀመሪያ "ረሳሁት" አለችኝ። ቡና እየጠጣን ሳለን ግን እውነቱን አወጣችው፤ "ልጄ፣ ዋጋው እኮ አልቀመስ አለ። እስከ ፋሲካ ላብቃቃው ብዬ ነው።"

ማብቃቃት እኛ ቤት ትልቅ ሙያ ነው። በርበሬውን ከክረምት ክረምት አድርሳ፣ ቅቤውን ለዓመት በዓል አስቀርታ፣ ደመወዝ ካለቀ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደምታሻግረን እያየን ነው ያደግነው። ይህ ሙያ ግን ግፊት ላይ አይሠራም። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያቃጥልም፣ አያስተኛም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ የደም ሥሩን፣ ልቡንና ኩላሊቱን ውስጥ ለውስጥ ይጎዳዋል። የአንድ ወር ክኒን ለሁለት ወር በማዳረስ የተረፈችው ገንዘብ ስትሮክ የመጣ ዕለት የአምቡላንስ እንኳ አትሆንም። የሕመምተኛ ፎቶ ይዘው ለኩላሊት እጥበት የሚለምኑ ቤተሰቦችን መንገድ ላይ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ከእነሱ ስንቱ "ላብቃቃው" ብሎ እንደጀመረ ሳስብ ሆዴ ይረበሻል።

በማግስቱ ማዘዣዋን ይዤ ሰፈራችን ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአንድ የአውሮፓ ፋብሪካ የንግድ ስም ነው። ፋርማሲስቷን "ይሄ ውስጡ ምንድን ነው?" አልኳት። "አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም" አለችኝ። "ሌላ አምሎዲፒን አለሽ?" ስላት ሁለት ዓይነት የህንድ አወጣችልኝ፤ ሁለቱም 5 ሚሊግራም፣ ሁለቱም በሕጋዊ መንገድ የገቡ። የርካሹ ዋጋ እናቴ ከምትከፍለው ሩቡን አይሞላም። ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልተነገራትም? "ማዘዣው ላይ የተጻፈው ይሄኛው ስለሆነ፣ እሳቸውም አልጠየቁ።" መልሷ ቅን ነበር። እናቴ መጠየቅ እንደምትችል ማን ነግሯት ትጠይቅ?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። የመድኃኒት ዋጋ ሲነሳ ሁላችንም ስለ ዶላር እናወራለን። ልክ ነን፤ አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ በየቤታችን እናውቀዋለን። እናቴም ሆነች እኔ በምንዛሪው ላይ ምንም ማድረግ አንችልም። ማዘዣው ላይ በሚጻፈው ስም ላይ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሐኪሙ ይችላል፣ ፋርማሲስቱ ይችላል፣ ታማሚውም ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ስም አለው። አንዱ በውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ስም ነው፤ ጀነሪክ ስም የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ይህ ስም በየአገሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሲሠራ ቆይቷል። ሌላው ፋብሪካው ለራሱ ያወጣው የንግድ ስም ነው። ኖርቫስክ የሚባለው አምሎዲፒን ነው። ሊፒቶር አቶርቫስታቲን ነው። ግሉኮፋጅ ሜትፎርሚን ነው። ቮልታረን ዳይክሎፌናክ ነው። መድኃኒቱን መጀመሪያ ያገኘው ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን የመሸጥ መብት ይሰጠዋል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሩት ይፈቀዳል። እነሱ ለምርምር ያወጡት ገንዘብ የለም፣ ስም ለመገንባት የከፈሉት ማስታወቂያም እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ እርስ በርስም ይፎካከራሉ። ለዚህ ነው የሚረክሰው። የእናቴ መድኃኒት የመብት ዘመኑ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ለግፊት፣ ለስኳርና ለኮሌስትሮል በብዛት የሚታዘዙት አብዛኞቹ መድኃኒቶችም እንደዚያው ናቸው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ "የህንድ እኮ አይሠራም።" እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። "የህንዱን ነው የአውሮፓውን?" የሚለው ጥያቄ ፋርማሲዎቻችን ውስጥ የተለመደ ሆኗል፤ አጠያየቁ ራሱ አንዱን የሀብታም ሌላውን የድሃ ያስመስለዋል፤ ለወላጁ የሚገዛ ልጅ ደግሞ የድሃውን መምረጥ ያሳፍረዋል። ፍርሃቱን አልንቀውም። በኮንትሮባንድ የገባ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ሐሰተኛ መድኃኒት በአገራችን እንዳለ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ጥያቄው መድኃኒቱ የየት አገር ነው ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ ገብቷል ወይ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦ የፈቀደው፣ ፈቃድ ባለው ፋርማሲ የተሸጠ፣ ጊዜው ያላለፈበት የህንድ መድኃኒት በሻንጣ ተደብቆ ከገባ የአውሮፓ መድኃኒት ይሻላል።

ማስረጃ ለሚፈልግ ሀብታሚቱ አሜሪካ አለች። እዚያ ከሚታደሉት 10 ማዘዣዎች 9ኙ ጀነሪክ ናቸው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ1996 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የቀረቡለትን 2,070 ጥናቶች መርምሮ፣ ጀነሪኩና የመጀመሪያው መድኃኒት ወደ ደም በሚገቡበት መጠን መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 3.5 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል።

ከቁጥሩ ይልቅ እናቴን ያሳመናት ግን የአክስቴ ብልቃጥ ነው። አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ እሷም የግፊት ታማሚ ናት። በመጣች ቁጥር ከራሷ ቀንሳ ለእህቷ ክኒን ታመጣለች፤ እናቴ ያንን "የአሜሪካ መድኃኒት" እንደ ጠበል ነው የምታየው። አንድ ቀን ብልቃጡን አንስቼ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩላት። አምሎዲፒን ይላል። የተሠራበት አገር ደግሞ ህንድ። እናቴ ብልቃጡን ተቀብላ ብዙ አገላብጣ አየችው፤ መነጽሯንም አመጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ "የህንድ አይሠራም" ስትል አልሰማኋትም።

ይህን ስል አንድ ነገር በጥንቃቄ መጨመር አለብኝ። መጠናቸው በትንሹ ሲዛነፍ ለውጥ የሚያመጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ የታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ከእነዚህ ይመደባሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ያለ ሐኪሙ ምክር አይቀይር። ክኒን ግማሽ ማድረግም እንደዚሁ ነው። መሐሉ ላይ መስመር ያለው ብዙ ጊዜ ይከፈላል፤ ቀስ ብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ግን ሲሰበር ለቀኑ የታሰበውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ፋርማሲስት ሳይጠየቅ ቢላዋ አይነሳ።

አሁን ወደ ሐኪሞቻችን ልምጣ፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። የዓለም ጤና ድርጅት የአንድን ጤና ተቋም የመድኃኒት አጻጻፍ ሲመዝን ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ስንት በመቶው በጀነሪክ ስም ታዘዘ የሚለው ነው፤ ልኩም 100 በመቶ ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በአብዛኛው በጀነሪክ ነው የሚጻፍላችሁ። ወደ ግል ክሊኒክ ስትሻገሩ ስሙ ይለወጣል። የመድኃኒት አስመጪ ተወካዮች ናሙናና በራሪ ወረቀት ይዘው በየክሊኒኩ እንደሚዞሩ ሐኪሞቹ ራሳቸው አይክዱም። ሁሉም በጥቅም ይጽፋል አልልም፤ ብዙው በልማድ ነው፤ አጭሩና አፍ ላይ የቀለለው ስም ይቀናዋል። ያ ስም ግን ጡረተኛዋን የወር ወጪዋን አራት እጥፍ ያስከፍላታል። እስክሪብቶው የሐኪሙ ነው፣ ሒሳቡ ግን የእሷ።

ሌላም አለ። ጉንፋን ይዞን ሄደን አንቲባዮቲክ፣ ቫይታሚን፣ የሳል ሽሮፕና የጨጓራ መድኃኒት ተጽፎልን የወጣንበት ቀን ስንት ነው? ያው የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ የሕክምና ጉብኝት በአማካይ ከ2 በታች መድኃኒት ይበቃል ይላል። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ታማሚው አራቱንም የመግዛት አቅም ሲያጣ ደግሞ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ከአራቱ የረከሰውን ይመርጣል፣ ወይም ከአንቲባዮቲኩ ላይ የሦስት ቀን ብቻ ይገዛል። "ዶክተር፣ ከእነዚህ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እንደ ሰው የሚያስብ ሐኪም ጥያቄውን ይወደዋል፤ አንዳንዴም እስክሪብቶውን አንስቶ አንዱን ይሰርዛል። እናቴ ባለፈው ቀጠሮ ጠይቃ ሁለት ተሰርዞላታል።

የት እንደሚገዛም ለውጥ አለው። የጤና ጣቢያና የመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲዎች፣ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከግሉ ይቀንሳሉ። ችግሩ "የለም፣ ከውጭ ግዙ" የሚለው መልስ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ዋናው ተስፋ ድሃው ታሞ ኪሱን እንዳይዳብስ ነበር። መዋጮውን በሰዓቱ የከፈለ አባል መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ያው ኪሱን ይዳብሳል። አቅርቦቱ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ እዚህ ላይ ታማሚው ምንም ዘዴ የለውም። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የክትባት አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ እንደሚሰጡ ግን ማንም ሳያውቅ ቀርቶ መክፈል የለበትም።

ፋርማሲዎችን በተመለከተ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ዋጋ ይለጠፍ። በህንድ አገር ለአገር ውስጥ ገበያ በሚቀርብ የመድኃኒት ፓኬት ላይ ከፍተኛው የችርቻሮ ዋጋ ታትሞ ነው የሚወጣው፤ ገዢው ከዚያ በላይ አይከፍልም። እኛ ዘንድ በአንድ ጎዳና ላይ ባሉ ሁለት ፋርማሲዎች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የምናውቀው በእግራችን ዞረን ነው፤ ታማሚ ደግሞ መዞር የማይችል ሰው ነው። ትርፉ ከዋጋው በመቶኛ የሚሰላ ከሆነ ውዱን መሸጥ ለባለቤቱ የበለጠ ያዋጣዋል፤ ስለዚህ ለደግነት ብቻ መተው አይበቃም። ሳይጠየቅ "ይህ ንጥረ ነገር በዚህ፣ በዚህ ዋጋ አለ" ማለት የፋርማሲስቱ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ። የአምስት ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመች ወጣት ይህን ለመናገር ከአሠሪዋ ፈቃድ መለመን የለባትም።

አክስቴ ለጥምቀት ትመጣለች። ምን ላምጣ ብላ ደውላ ነበር፤ እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ "ክኒን ይቅር፣ እዚሁ አገኛለሁ" አለቻት። የታዘዘው በክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ነው፤ አሮጌው ባትሪ ቢቀየርለትም ቁጥር ማሳየት ካቆመ ሰንብቷል።