ይድረስ ለክቡር ሸለብታ፣ ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን» እንዳንል፣ ናፍቀውን አያውቁም።

መኪና ሲሳፈሩ ሂሳብ ከፍለው አያውቁም። ቦታ ግን ይመርጣሉ፤ የሹፌሩ የዓይን ቆብ ላይ። ደግሞ ብልጥ ነዎት። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ፣ ጉሙ ሲወርድ ድርሽ አይሉም። ደብረ ብርሃንን አልፈን መንገዱ ወደ ጫጫ ቀጥ ሲል ከች! ሰዓትም ያውቃሉ። ከሌሊቱ 8 እስከ 12፣ ከቀኑ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ግድም። ምሳ ባይበላም ይመጣሉ። እኛ ግን በሽሮው እናሳብባለን።

ሹፌራችን እርስዎን ለማባረር ያልሞከረው የለም። መስኮት ይከፍታል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እኛን ያንቀጠቅጠናል፣ እሱን ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚያነቃው። ዘፈን ይጨምራል። ጫት ይቅማል፤ ምርቃናው ሲያልቅ ከነወለድዎ ይመለሳሉ። ቡና ይሻላል፤ ግን እሱም እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለእርስዎ ሦስት ሰከንድ ይበቃዎታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 66 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ሁሉ ማን ነዳው? እርስዎ! እስቲ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩን።

ተመራማሪዎችማ ያከብሩዎታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ስዊድኖች ከ1 እስከ 9 የሚቆጥር የእንቅልፍ ስሜት መለኪያ አበጁልዎ። 9 ማለት ሰውየው ከእርስዎ ጋር ትግል ገጥሟል ማለት ነው። የእኛን ሹፌር ብትጠይቁት መልሱ ሁሌ 1 ነው። «ኧረ እኔ ልምድ አለኝ!» በ1997 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኘ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ሹፌር ምሽት 3 ሰዓት ላይ እዚያ ይደርሳል። አረቄ ሳይቀምስ! አፉን ቢያሸቱት ምንም የለም።

ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ፈረቃ የምትሠራውን ጎረቤቴንም አልማሯትም። ሌሊቱን ማሽን ላይ ሲጎትቷት ያድራሉ። ጠዋት አልጋዋ ውስጥ ገብታ «አሁን ይምጡ» ስትል የሉም። ያለው የመስኮቱ ብርሃን፣ የልጆች ጫጫታ፣ «ይቺ ልጅ ቀን ሙሉ ተኝታ ትውላለች» የሚል ሐሜት ነው።

የሚቀበሉት ጉቦ አንድ ብቻ እንደሆነ እናውቃለን፤ መተኛት። ሹፌሩ ዳር ይዞ 20 ደቂቃ ጋደም ቢል ለጊዜው እንኳ ይለቁታል። ግን ማን ያስተኛዋል? ባለንብረቱ «የት ደረስክ?» እያለ ይደውላል። እኛም ከኋላ እያንኮራፋን፣ ስንባንን «ሹፌር፣ ንዳው እንጂ!» እንላለን።

ስለዚህ ልመናችን አጭር ናት። ሹፌሩን ይተዉልን። የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን የሚቆርጠውን ባለንብረት ይጎብኙልን። ስልኩን እንደያዘ ጥለውት ይደሩ።

ከሰላምታ ጋር፣
ሹፌሩ እንዳይተኛ ሲባል ወሬ እንዲያወራ ጋቢና የተመደበው ተሳፋሪ

ግልባጭ፦ ለባለንብረቱ፣ ለረዳቱ (ከእንቅልፉ ሲነሳ)