ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣው ጊዮርጊስ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የቤተዘመዱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ 43 ፎቶ ተደርድሮ ጠበቀኝ። የለጠፈችው ሮም የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ሁሉም ላይ አለሁ። ሁሉም ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል። ከሥሩ የጻፈችው ደግሞ «ወንድሜን ታሪክ ሳስጎበኘው» ይላል።

አስጎበኘችኝ! ጉቢዮ የምትባለውን የጣሊያን ከተማ እሷም እንደኔ ገና ማየቷ ነው። ሃያ ዓመት ሮም ስትኖር እዚያ ደርሳ አታውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ስልኳ ላይ ስታነብ በዓይኔ አይቻታለሁ። ስንወርድ ግን የአገር ልጅ ሆና ወረደች። ግድግዳ በነካሁ ቁጥር «ይሄ እኮ ሰባት መቶ ዓመቱ ነው» ትለኛለች። ለእኔ፣ ለላሊበላ አገር ሰው!

እኔ መጀመሪያውንም መንገድ አልወድም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት የሚያህል የለኝም። ከአባቶች ምክር ሁሉ ወጪ የሚቀንስ እሱ ብቻ ነው። ባለቤቴ «የሆነ ቦታ እንሂድ» ባለች ቁጥር እሱን እመዛለሁ። ስንት ክረምት ከስንት የሆቴል ሒሳብ አድኖኛል! የተናገረው ሰው ሐውልት ሊቆምለት ይገባል፤ እርግጥ ለማየት አልሄድም።

ጉቢዮ ግን ተረቴን አበላሸችብኝ። ኢንጂኖ የሚባል ተራራ ላይ ተለጥፋ የተሠራች፣ ኡምብሪያ በሚባለው የጣሊያን ክፍል ያለች ከተማ ናት። የኮንሶሎቹ፣ ማለትም የጥንት የከተማው ሹማምንት፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰባት የነሐስ ሰሌዳዎች አሉ። በፈረንጅ 1444 ነው የተገኙት። በጥንቱ የኡምብሪያ ቋንቋ የካህናቱን ሥርዓት ይዘረዝራሉ፤ ምን እንደሚታረድ፣ በየት በኩል እንደሚዞር። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ጎረቤት ሕዝቦች በየስማቸው እየተጠሩ ከከተማው እንዲወጡ ይታዘዛል። ኤትሩስካኖችም አሉበት። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍ «የውጭ ሰው ይውጣ» ይላል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ «እንዴት ደስ ይላል!» አለች። እኔ ኪሴን ዳበስኩ፤ ፓስፖርቴ አለ።

የሄድነው ለግንቦቱ በዓል ነበር። በፈረንጅ ግንቦት 15፣ በየዓመቱ፣ ሦስት «ቼሪ» ተሸክመው ይሮጣሉ። ስሙ ሻማዎች ማለት ነው። ሻማ ግን አይመስሉም። እያንዳንዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የእንጨት ግንብ ነው። በአንዱ አናት ላይ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ኡባልዶ፣ በሁለተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በሦስተኛው አባ እንጦንስ ይቆማሉ። ተሸካሚዎቹ ነጭ ሱሪ፣ ቀይ መቀነት፤ ሸሚዛቸው እንደየቅዱሱ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። እኩለ ቀን ላይ ቼሪዎቹን አደባባይ ላይ ሲያቆሙ ውኃ ያፈሱባቸውና የሸክላውን ገንቦ ሕዝቡ ውስጥ ይወረውሩታል። ሰው ገሉን ለመልቀም ይተራመሳል፤ ዕድል ያመጣል ይላሉ። አያቴ ዕጣን የምታጨስበትን ገል ሁላችን ስንረግጠው ኖርን።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሩጫው ይጀመራል። በጠባቡ መንገድ፣ ከዚያ ተራራውን ሽቅብ፣ እስከ ቅዱስ ኡባልዶ ባዚሊካ፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ድረስ። ትከሻ የሚቀያየሩትም እየሮጡ ነው። ልቤ ቆመ። አጠገቤ የነበሩትን አዛውንት በአክስቴ ልጅ አስተርጓሚነት «ማን ያሸንፋል?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ኡባልዶ አንደኛ፣ ጊዮርጊስ ሁለተኛ፣ እንጦንስ ሦስተኛ። በየዓመቱ። መቅደም ክልክል ነው!

እንጦንስስ መነኩሴ ናቸው፣ የመነኮሳት አባት፤ ሦስተኛ ቢወጡ ቅር አይላቸውም። ጊዮርጊስ ግን? ፈረሰኛው? መጀመሪያ ያሰብኩት የዓድዋን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 የማን ዕለት ነበር? ቂም ይዘውበት ነው አልኩ። በኋላ ሳስበው የእነሱ ሥርዓት ከዓድዋ በብዙ ይቀድማል። ቢሆንም ደሜ አልበረደም። ስታዲየም ተቀምጬ «ሳንጅዬ» እያልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ።

ሁለተኛነትን ደግሞ አውቀዋለሁ። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በስፖርት ቀን ሁለተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛ የሚወጣው የዳይሬክተሩ ልጅ ነበር። ልጁ አይሮጥም ነበር፤ ይንሸራሸር ነበር። ሰባተኛ ክፍል ቀድሜው ገባሁ። ዳኛው የሒሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። «መስመር ስተሃል» አሉኝ። መስመሩ በኖራ የተሰመረ ነበር፤ ጠዋት በዘነበው ዝናብ ታጥቦ ሄዷል። የሌለ መስመር እንዴት ይሳታል? ደብተር ነበር ሽልማቱ። ሃምሳ ሉክ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ያንን ደብተር አሁንም እፈልገዋለሁ።

የጉቢዮ ሰዎች ቢያንስ አያታልሉም። ማን እንደሚቀድም ለሕፃኑም ለእንግዳውም በግልጽ ይናገራሉ። እኛ ጋ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ነገር ስንት ነው? ግን ማስታወቂያ እናወጣለን። ፖስታ እናሽጋለን። ተጫራቾች ባሉበት እንከፍታለን። አንዱ ምስኪን ሰነድ ገዝቶ፣ ማስያዣ አስይዞ፣ ከክፍለ ሀገር ተሳፍሮ ይመጣል። ለእሱም እንደ ጉቢዮ «ወንድሜ፣ አንተ ጊዮርጊስ ነህ» ቢባል ምን ነበረበት? የትራንስፖርቱ ይተርፈው ነበር።

አዛውንቱ እንደነገሩኝ ዋናው ነገር አለመውደቅ ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ተሸክሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከፊተኛው ሳይርቁ መድረስ። ላይ ሲደርሱ የኡባልዶ ሰዎች ጊዮርጊስ ሳይገባ የባዚሊካውን በር ለመዝጋት ይታገላሉ። የጊዮርጊስ ሰዎች ደግሞ እንዳይዘጋባቸው እግር በእግር ይከተላሉ። ያ ነው ፉክክሩ። ደረጃው የታወቀ፣ በሩ ያልታወቀ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ በሩ አሰብኩ። ትምህርት ቤታችንም በር ነበረው፤ እሱም የሚዘጋው ዳይሬክተሩ ሲፈልጉ ነው።

ወደ 43ቱ ፎቶ ልመለስ። በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚዬ አንድ ምንጭ ጋ ወሰደችኝ። የእብዶች ምንጭ ይሉታል። ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ሮጠህ ውኃው ከተረጨብህ የእብድ መንጃ ፈቃድ የሚባል ወረቀት ማውጣት ትችላለህ። ሮጥኩ። ብቻዬን ስለሆንኩ አንደኛ ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ውኃ ልትረጭብኝ እጇን ስትሰድ አንድ ሰውዬ ከቡና ቤት በር ላይ ጮኸባት። የሚረጨው የጉቢዮ ተወላጅ መሆን አለበት።

እሷም አልሆነችም። ሰውየው ራሱ መጣና በሁለት እጁ አፍሶ ረጨኝ። ለእሷም ለስልኳም አተረፈ።

ያቺ ፎቶ ከ43ቱ ውስጥ የለችም።