ሰው ጭነት ነው?

ለክርክር ያቀረብነው ጥያቄ «ህዋን ለመመርመር ሰው መላክ ያስፈልጋል ወይስ ሮቦት ይበቃል?» የሚል ነበር። አንደኛው ተከራካሪ ደብረ ብርሃን ላይ ለረጅም ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ሌላው መንዝ ጓሳ ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ወጣት ነው። እንደሚተዋወቁ ያወቅነው ሁለተኛው ጽሑፍ ሲደርሰን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

መምህሩ፦

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ብርሃን ታያቸው፤ ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልፈርድም። ኮከቡ ግን በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ብቅ ይላል። በ1986 ሲመለስ አውሮፓውያን ጆቶ የምትባል መንኩራኩር ላኩበት። ውስጧ ሰው የለም። እስከ 600 ኪሎ ሜትር ድረስ ተጠግታው አለፈች። አቧራው እንደ በረዶ ወረደባት፣ ካሜራዋም ተበላሸ። እስከዚያ ያነሳችውን ግን ልካ ነበር። ያ ሁሉ ብርሃን የሚወጣው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ካለው፣ ከከሰል ከጠቆረ ነገር መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ቻሌንጀር የምትባል የአሜሪካ መንኩራኩር ሰባት ሰው ይዛ ተነሳች። 73 ሰከንድ ብቻ ቆይታ ከነሰዎቿ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ አንዷ መምህርት ነበረች። ከህዋ ሆና ልታስተምር ነበር የሄደችው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ዛሬም ድምፄ አይታዘዘኝም።

ሁለቱን አስተያዩዋቸው። ለህዋ ጉዞ ሰው ጭነት ነው። አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ይበላል፣ ይታመማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለስ ይፈልጋል። ቮየጀር 1 የምትባለው መንኩራኩር በ1977 ወጥታ እስካሁን እየሄደች ነው፤ ልመለስ አላለችም። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው ባለ ጎማ ሮቦት ለ90 ቀን ተብላ ማርስ ላይ ከ14 ዓመት በላይ ሠራች። ከዚህ ወዲያ ምን ያከራክራል?

አስጎብኚው፦

ቲቸር፣ እንደምን አሉ? አሥረኛ ክፍል አስተምረውኛል። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው ነኝ። አያስታውሱኝም ይሆናል።

«ሰው ጭነት ነው» አሉ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁለቴ አነበብኩት።

ጭነቱ የሠራውን ልንገርዎት። ዲሴምበር 1972፣ አፖሎ 17 ጨረቃ ላይ ነው። ሃሪሰን ሽሚት የሚባል ጂኦሎጂስት በእግሩ ሲሄድ ጫማው የቆሰቆሰው አፈር ብርቱካናማ ሆኖ ታየው። ዙሪያው ሁሉ ግራጫ ነው። ሰውየው ጮኸ! ቆፍረው ይዘው መጡ። ሲመረመር የጥንት እሳተ ገሞራ የረጨው ደቃቅ መስታወት ሆኖ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች በሦስት ቀን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ጨረቃ ላይ መኪና ነድተዋል። የእርስዎ ኦፖርቹኒቲ 45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 14 ዓመት ፈጀባት። የእኛ አህያ በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች።

እህቷ ስፒሪት ደግሞ በ2009 አሸዋ ያዛት። እኛ መንገድ ላይ አይሱዙ ጭቃ ሲይዘው ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፣ «ሳበው!» ይላል፤ አለቀ። ስፒሪትን ከምድር ሆነው ስንት ወር ታገሉላት። ረዳት የላትም። እዚያው ቀረች። በ2018 ማርስ ላይ ያረፈችው ኢንሳይትም አምስት ሜትር የሚቆፍር መሣሪያ ይዛ ሄዳ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ሞክሮ ራሱን እንኳ በቅጡ አልቀበረም። ዶማ የያዘ አንድ የመንዝ ገበሬ እስከ ምሳ ይጨርሰው ነበር። እሱም ጭነት ነው?

መምህሩ፦

አስታወስኩህ። መስኮት እየከፈትክ ብርድ የምታስገባብን።

ጭነት ያልኩት ስድብ አይደለም፣ የክብደት ሒሳብ ነው። ንጉሥም ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎ ነው። ማርስ ለመድረስ ሰባት ወር ገደማ ይፈጃል። ፐርሲቪራንስ የምትባለው የማርስ ሮቦት ላይ የተገጠመው መሣሪያ ከማርስ አየር ኦክስጅን ማውጣት ችሏል፤ ከ2021 እስከ 2023 ያወጣው ሁሉ ተደምሮ 122 ግራም ነው። ለአንድ ሰው ግማሽ ቀን አይበቃም። ገበሬህን ዶማ አስይዘህ ከላክኸው በኋላ ምን እያስተነፈስክ ልታስቆፍረው ነው?

ስፒሪት አሸዋ ያዛት፤ እሺ። ድንኳን የተከለ አለ? ልቅሶ የደረሰ አለ?

ስለ ራሳችንም ላንሳ። በድንቅነሽ ስም ሉሲ የተባለች መንኩራኩር አለች። በኖቬምበር 2023 ድንቅነሽ በተባለች አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን በምትዞር አለት፣ አጠገብ ስታልፍ የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ አገኘች። ሰላም ተባለች። ስማችን እዚያ ድረስ የሄደው በሮቦት ነው። ያለ አንድ ተሳፋሪ።

አስጎብኚው፦

ድንቅነሽን ስላነሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዋናዋን ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ማን አገኛት? ዶናልድ ጆሃንሰን በዚያ ሐሩር በእግሩ ሲሄድ ዓይኑ የክርን አጥንት ስባሪ ላይ አረፈ። ጭነቱ አገኛት፣ ቲቸር። እኔ ከዚህ ቃል ገና አልወረድኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ፈረንጅ ጓሳ ይዤ ወጣሁ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል። ሴትዮዋ ያንን ብርድ ከምንም ሳይቆጥሩ በደረታቸው ተኙ። ቀና ሲሉ እንባቸው ይወርዳል። የቀበሮ ፎቶ ስልካቸው ላይ ሞልቷል፤ መኪና ውስጥ ሲያሳዩኝ ነበር። ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ? ካሜራ አያይም። የሚያየው ሰው ነው።

መምህሩ፦

«ካሜራ አያይም»! ይህን ማን አስተማረህ? እኔ አይደለሁም። ለማንኛውም ደብተርህ ካለ ገልጠህ እይ።

ካሜራ ካላየ የጅራታሙን ኮከብ እምብርት ማን አየው? አንተ ከጓሳ ሆነህ? ሴትዮዋ አይተው ተመልሰው ትኩስ ሻይ ጠጥተዋል። ማርስ ላይ ሎጅ የለም። አንተ የምታወራው ስለ ጉብኝት ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ምርምር ነው። «ካሜራ አያይም» ይላል፣ ፊዚክስ የተማረ ልጅ!

አስጎብኚው፦

ሐዳርን ዘለሏት። ይሁን።

ካሜራው ይቀጥል ካሉ፣ ሀብል የሚባለው ቴሌስኮፕ በ1990 ሲወጣ መስታወቱ ተዛንፎ ተሠርቶ ኖሮ ሁሉም ነገር ብዥ አለበት። በ1993 ጠፈርተኞች ወጥተው በእጃቸው አስተካከሉት። መነጽር አደረጉለት ማለት ነው። እነማን? ጭነቶቹ።

የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ስለ ጨረቃ ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ክብ ይሥሉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ማታ እንውጣና እንያት» አላሉንም። የጁፒተርን ጨረቃዎች መጀመሪያ ያየሁት በቱሪስት አቅራቢ መነጽር ነው። አራት ነጥቦች፣ በአንድ መስመር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ራሴ ላይ ተናደድኩ፤ ከዚያ እርስዎ ላይ።

መምህሩ፦

ይህ ከጥያቄው ውጪ ነው። ጥያቄው ሰው ወይስ ሮቦት ነው።

ቢሆንም ክብሬ ስለተነካ እመልሳለሁ። ትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ እሱን ተወው። የእኛ ሰማይ የሚጠራው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ውርጩም ያን ጊዜ ነው። ከእናንተ ግማሹ ከገጠር መጥቶ ክፍል ተከራይቶ፣ ቆሎ ቆርጥሞ የሚማር ነበር። ጠዋት ስትገቡ ከንፈራችሁ ተሰነጣጥቆ፣ ጣታችሁ እስክሪብቶ አልይዝ ይላችሁ ነበር። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ዝም ብዬ የማሳልፈው ለምን ይመስልሃል? ጣታችሁ እስኪፍታታ ነበር። እናንተን ነው በሌሊት ኳስ ሜዳ ላይ የማቆመው? ሰው ከመላክህ በፊት የሚለብሰውን ታያለህ። ማርስም ቢሆን፣ ኳስ ሜዳም ቢሆን።

አስጎብኚው፦

ጋቢ ነበረኝ፣ ቲቸር።