ክርክር፦ አሮጌዋ ቶዮታ ትያዝ ወይስ ትሸጥ?

ሁለቱም የሚነዱት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። አንደኛው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። መንዝን፣ ይፋትንና ቡልጋን በሥራ መኪና አዳርሰዋል። አሁን የራሳቸው አሮጌ ሃይሉክስ አለቻቸው። ሁለተኛዋ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ የምታመላልስ ነጋዴ ናት። እህሉን አይሱዙ ይጭነዋል፤ ለራሷ መመላለሻ ግን ቪትዝ ነበረቻት፣ ሸጠቻት። ጥያቄው ይህ ነው፦ አሮጌ የጃፓን መኪና እያደሱ ዕድሜ ልክ መያዝ ያዋጣል ወይ? በየተራ ጻፉልን። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ በሥራቸው እንጠራቸዋለን።

ሹፌሩ፦

ያዋጣል። ከኖርኩበት ልጀምር።

ለአንድ መሥሪያ ቤት 17 ዓመት ፒክአፕ ላንድክሩዘር ነድቻለሁ። 70 የሚባለው ሞዴል ነው። ቶዮታ ይህንን ሞዴል ማምረት የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬ አላቆመም። ሞተሩ 1ኤችዜድ ይባላል። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ናፍጣ። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ፓምፑ ሜካኒካል ነው። መሐል ሜዳ ላይ ቢቆም መፍቻ በያዘና ሥራው በገባው ሰው ይነሳል።

በነዚያ 17 ዓመታት ሞተሩ አንድ ቀን አልወረደም። ያደረግኩት ይህን ነው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር። የታይሚንግ ቺንጋ በየ100 ሺህ፣ አንድ ቀን ሳላሳልፍ። ከናፍጣው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በየሳምንቱ ማፍሰስ። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ባለ ጊዜ ሞተሩ እስኪሞቅ ነዳጅ አልረግጥም።

የጃፓን መኪና አይበላሽም የሚሉ አሉ። ይበላሻል። ግን ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል። ጭሱ ቀለም ይቀይራል። ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ኩሽኔታው ያለቅሳል። መንዝ መሐል ላይ ከመቆምህ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ጊዜ ይሰጥሃል። ለኔ አስተማማኝ ማለት ይኸው ነው።

ዕቃውም አለ። ደብረ ብርሃን ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ኦሪጅናሉ ቢወደድ ያገለገለው አለ። ሠርቼ የማላስነሳውን መኪና የኔ ነው ማለት ይከብደኛል።

ነጋዴዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ላንድክሩዘሩ የነገሩንን በሙሉ አምናለሁ። ግን እሷ የመሥሪያ ቤት መኪና ነበረች። አዲስ ሆና ተገዛች፣ አንድ ሹፌር ያዛት፣ ዘይቷ በበጀት ተገዛ። ሹፌሩም እርስዎ ነበሩ።

እኛ የምንገዛት ይህቺን አይደለም። እኛ ጋ የምትደርሰው አራት አምስት ባለቤት ያሳለፈች ናት።

አምስት ዓመት ሆነው። አዲስ አበባ ላይ ቪትዝ ገዛሁ። ደላላው «ሞተሯ አልተነካም፤ አንዲት ሴት ናት የያዘቻት፤ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ብቻ ነው የሄደችው» አለኝ። ሊብሬው ንጹሕ ነው። ኪሎ ሜትሯ 98 ሺህ ይላል። ስሟን አዛውሬ በዚያው ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ጫጫን እንዳለፍኩ የሙቀት መብራቱ በራ። ቆምኩ። ኮፋኖውን ስከፍት ውሃው ይንተከተካል። በአይሱዙ ተጎትቼ ገባሁ።

ሲፈታ የቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል። ቴስታታውም ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል። መካኒኩ ያሳየኝን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳም። የፍሬን ፔዳሏ ጎማ አልቆ ብረቱ ይታያል። 98 ሺህ ብቻ የሄደች መኪና ፔዳል እንዲህ አያልቅም። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። እኔ ገንዘብ ስቆጥር ወደ ፔዳሉ ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ቶዮታ ናት ብዬ አመንኩ።

ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና በ3 ዓመቷ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ጥብቅ ምርመራ ታልፋለች። ምርመራው ውድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ወይ በደንብ ይይዛታል ወይ ገና ደህና ሳለች ይሸጣታል። የጃፓን መኪና ስም በዚህ እንክብካቤ ጭምር የተሠራ ነው። ወደ እኛ ስትመጣ ስሟ አብሯት ይመጣል። እንክብካቤው እዚያው ይቀራል።

ሹፌሩ፦

ልጄ፣ በደረሰብሽ አዝናለሁ። ግን የጫጫውን ነገር ልተንትነው፤ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነው።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አገር ክፍት ድስት ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሞተር የሚሠራው ደግሞ እዚያው ሙቀት ላይ ነው። ታዲያ የመኪናው ውሃ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ግፊት ያለበት ውሃ ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ከደከመ፣ ወይም ሰው ከሌላ መኪና ነቅሎ ልኩ ያልሆነ ክዳን ከገጠመ፣ ግፊቱ ያመልጣል። ቆላ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ዳገቱን ወጥቶ አየሩ ሲሳሳ ይፈላል። በእፍኝ የሚያዝ ክዳን ሞተር ያስወርዳል።

በዚህ ላይ ሰው ኩላንቱን፣ ለራዲያተር የተዘጋጀውን ፈሳሽ፣ ትቶ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። ውስጡ ይዝጋል፣ ራዲያተሩ ይደፈናል። ይህ ሁሉ የጃፓን ጥፋት ነው? የሰው ጥፋት ነው።

ነጋዴዋ፦

የጃፓን ጥፋት ነው አላልኩም። እኔ የከፈልኩት ግን ለጃፓን ስም ነው። ለክዳኑ ሁኔታ ቢሆን ኖሮ ግማሹን አልከፍልም ነበር።

ዋጋውን እናንሳ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ ሰማይ ወጣ። ዲኤክስ የምንላትን ኮሮላ ያስቡ። ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። ኤርባግ የላትም፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የፍሬን ሥርዓት (ኤቢኤስ) የላትም፣ ላሜራዋ ስንቴ እንደተበየደ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ግን ሰው ያለ የሌለውን አሰባስቦ ይገዛታል። ለምን? ነገም በዚያው ዋጋ ትሸጣለች ብሎ። ባንክ አድርጓታል። ባንክ ያደረጋትን መኪና ደግሞ አይመረምራትም፤ ጉድለቷን ለሚቀጥለው ያሳልፋል። እኔ ጋ የደረሰችው ቪትዝ እንዲህ እየተሳለፈች የመጣች ናት። ስሸጣት ያለባትን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩ። በዚህም ብዙ ከሰርኩ፤ ግን ሌላ ሰው ጫጫ ላይ እንዲቆምብኝ አልፈለግኩም።

ሌላም አለ። ታካታ የሚባለው ኤርባግ አምራች የጃፓን ኩባንያ ነበር። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲያረጅ ከልክ በላይ እየፈነዳ ብረት ይበትን ጀመር። ሰው ገደለ። በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች እንዲመለሱ ተጠሩ። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ከተጠሩት ውስጥ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠሩ ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች አሉበት። እኛ አገር አራተኛዋን ባለቤት ማን ይጠራታል? መካኒኬ እስኪነግረኝ ድረስ እኔም አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ልጄን ከፊት አስቀምጬ ነድቻለሁ።

ሹፌሩ፦

የኤርባጉን ነገር አነበብኩት። በዚህ አልከራከርም። የሻንሲ (የመኪናው የብረት አካል) ቁጥሩን ይዞ ማጣራት የሁሉም ግዴታ ነው። የኔ ሃይሉክስ ኤርባግ የላትም፤ ቢኖራት ዛሬውኑ አጣራ ነበር።

ግን ስለ ደህንነት ካነሳሽ ጣርማ በርን እናንሳ። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሻለሽ። ያ ቁልቁለት አሮጌም አዲስም መኪና ይገድላል። የሚገድለውም ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ከሁለት ዓመት በላይ ሳይቀየር ከቆየ ቶሎ ይፈላል። ሹፌሩ የጣርማ በርን ዋሻ ወጥቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ሲወርድ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሄዳል። ያን ጊዜ ምንም ማድረግ አይቻልም።

በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ ይሉን ነበር ያሠለጠኑን። ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ። ሞተሩ ይያዘው። የድሮ ናፍጣ መኪና በማርሽ ሲወርድ ደህና አድርጎ ይይዛል። ይህን የማያውቅ ሹፌር የዛሬ ዓመት የተመረተ መኪና ብትሰጪውም ያው ነው።

ነጋዴዋ፦

ስለ ፍሬኑ ዘይት እናመሰግናለን፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ዛሬ ሄዶ ያስቀይር።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ይመልሱልኝ። እርስዎ የሚወዱት ፓምፑ ሜካኒካል የሆነውን፣ ኮምፒውተር የሌለውን ነው። የዛሬው ሃይሉክስ እንዲህ ነው? በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ የሚረጭ፣ ቱርቦ ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ናፍጣው ውስጥ ትንሽ ውሃ ከገባ ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጄክተር ያልቃል። አራቱን ለመቀየር ስንት እንደሚጠየቅ እርስዎ ያውቁታል። የሚሠራውም ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ ነው። አሁን መንገዱን የሞላችው ሱዙኪ ዲዛየር ሕንድ ነው የምትሠራው። የቶዮታ የሆነው ዳይሃትሱ የደህንነት ሙከራ ሲያጭበረብር መኖሩ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ታዲያ ጃፓን ጃፓን ስንል የትኛዋን ነው? የዛሬ 30 ዓመቷን ከሆነ እሷ አልቃለች። ያለችውም እያለቀች ነው።

ሹፌሩ፦

በአዲሱ ሃይሉክስ ረትተሽኛል። ከ70ዋ በቀር አሁን የሚወጡትን ለመንዝ ገበሬ ግዛ ብዬ አልመክርም። ሕንድ ተሠራ ታይላንድ ግን አያስጨንቀኝም። መለኪያው አንድ ከሆነ ብሎኑን ማን አጠበቀው አልልም።

አንቺስ ምን ልትገዢ ነው?

ነጋዴዋ፦

ኤሌክትሪክ እያሰብኩ ነው።

ምክንያቴ ያው እርስዎ ያሉት ቁልቁለት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጣርማ በር ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲተያይ ሲሶ ያህል ይሳሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ኃይሉ ታችም ላይም አንድ ነው። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዝና ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬኑ ያን ያህል አይግልም። ቴስታታ የለ፣ ጓርኒሲዮን የለ፣ ቺንጋ የለ፣ የሞተር ዘይት የለ። እኔን ያስለቀሰኝ ዕቃ በሙሉ የለበትም።

ሹፌሩ፦

አልሰማሁትም አልልም። ያ ቁልቁለት ላይ ባትሪ ይሞላል ያልሽው ደስ ብሎኛል። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት በዚያ ውርጭ ባትሪው የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል። ይህንን ሒሳብ ውስጥ አስገቢ። መብራት ሲጠፋስ? መሐል ሜዳ ላይ ብትቆምብሽ ማን ይከፍታታል? የኛ መካኒኮች ጎበዞች ናቸው፤ ግን የተማሩት የላንድክሩዘርን ሆድ ነው። የባትሪዋ ዕድሜ ሲያልቅ የምትከፍይውን ዛሬ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግርሽም። ያኔ ቪትዟን ያስመኝሻል ብዬ እሰጋለሁ።

የኔን ነገር ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ይህን ክርክር ስንጀምር ሃይሉክሷን ለልጄ ላወርሰው ወስኜ ነበር። 5ኤል ሞተር ናት፣ 3 ሊትር ናፍጣ፤ ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው። አንቺ ሰው የያዘውን አይመረምርም ካልሽ በኋላ ግን ትናንት ከሥሯ ገባሁ። ሻንሲዋን በመዶሻ እየነካካሁ ሄድኩ። ከኋላ ባሌስትራው (ጭነት የሚሸከመው ስፕሪንግ) የሚያርፍበት ቦታ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ዝገት በልቶታል። ለዓመታት ሞተሩን ብቻ ሳዳምጥ ሻንሲውን አላየሁም።

አልሸጣትም። ዝገቱ ተቆርጦ በደህና በያጅ ይጠገናል። እስኪጠገን ልጄ ጣርማ በርን አይወርድባትም።

ነጋዴዋ፦

እንኳን ዛሬ ታየ፣ ጋሼ።

አሁንም ሐሳቤ አልተቀየረም፤ ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ገንዘብ አልሰጥም። ግን ከኤሌክትሪኳ በፊት አንዲት ያገለገለች እንዳይ ተነግሮኛል። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ናት። ገንዘብ ሳልቆጥር እርስዎ ከሥሯ ገብተው ያዩልኛል? መዶሻዋን ይዘው ይምጡ።